የእናቴ አልማዝ በገረሴ ገበያ

ይህን ገጠመኜን የምጽፈው ማመስገን ስላለብኝ ነው። ማመስገን የሚገባኝ ሰዎች አብዛኞቹ አማርኛ አያነቡም፤ የብዙዎቹን ስም እንኳ አላውቅም። ፊታቸውን ግን አልረሳውም። ምስጋና ሆድ ውስጥ ተቀምጦ አያምርበትምና እስቲ እናንተ ስሙልኝ።

ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ አርባ ምንጭ የወሰደኝ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ነበር። የተማርኩት ጂኦሎጂ ነው። ስመረቅ ተራራ አስቆፍሬ ማዕድን የማወጣ መስሎኝ ነበር፤ የከተማው ላይኛው ሰፈር ሴቻ ያሉትን የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ሁሉ ዞሬ ዞሬ ያገኘሁት ሥራ ግን ታችኛው ሰፈር ሲቀላ አንድ ወርቅ ቤት ውስጥ ሆነ። «አንቺማ በሙያሽ ነው የተቀጠርሽው፤ ቁፋሮውን ሌላ ሰው ሠራልሽ እንጂ» እያሉ ጓደኞቼ ያሾፉብኝ ነበር። እኔም ቀስ በቀስ ሥራውን ወደድኩት። ቀለበት ማጥበብ፣ የተበጠሰ ሀብል መቀጠል፣ ፈርጥ ማሰር ተማርኩ።

አልማዝ ግን ሱቃችን አይገባም ነበር። እዚያ የነበረችው አልማዝ የባለቤቱ እህት ብቻ ናት። እውነተኛው አልማዝ የነበረው እኔ ጣት ላይ ነው።

እናቴ ነርስ ነበረች። ከሥራ ሰዓቷ ውጭ ፒያሳ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት አርመናዊት አሮጊት ታስታምም ነበር። የሴትዮዋ ባል በዘመናቸው ወርቅ ሠሪ ነበሩ። ሴትዮዋ ሊያርፉ ሲሉ ቀለበታቸውን ከጣታቸው አውልቀው ለእናቴ ሰጧት። እናቴም እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ታመመችና ሞተች፤ ቀለበቱ ለእኔ ቀረ። አባቴን አላውቀውም፣ ወንድም እህት የለኝም፣ የኖርንበትም ቤት የቀበሌ ነበር። ከእናቴ የቀረኝ ያ ቀለበት ብቻ ነው ብላችሁ ማጋነን አይሆንም።

ድንጋዩ ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ ግን የድሮ ነው። የአሁኑ አልማዝ በማሽን ተለክቶ ስለሚቆረጥ ጎኖቹ ሁሉ እኩል ናቸው። የድሮው በእጅ የተሠራ ነው። አልማዝን ከአልማዝ በቀር የሚደፍረው ነገር ስለሌለ፣ ሠራተኛው የአልማዝ ዱቄት በዘይት ለውሶ በሚሽከረከር ብረት ላይ ይቀባና ድንጋዩን እዚያ ላይ ይዞ ቀኑን ሙሉ ይስለዋል። መብራት ባልነበረበት ዘመን በሻማ ብርሃን እንዲያምር አስቦ ነው የሚሠራው። የእኔም ድንጋይ ቀን ላይ ዝም ይልና መብራት ሲጠፋ፣ ሻማ ሲለኮስ፣ ይነሣል። ዓለም ለብዙ ዘመን አልማዝ የሚያገኘው ከህንድ ወንዞች ብቻ ነበር፤ የሚያደርጉትም ነገሥታት ናቸው። በኋላ ብራዚል ተገኘ፣ ከዚያ ደቡብ አፍሪካ ላይ በገፍ ተገኘና የሙሽራ ቀለበት ሆኖ ቀረ። ይህን ሁሉ ለእናቴ፣ በሕይወት ሳለች፣ የነገርኳት እኔ ነኝ። እናቴ ሰምታ ስታበቃ፣ «ይሄ ድንጋይ ከኔም ካንቺም የበለጠ አገር አይቷል፤ እኛ ቤት ምን ቸግሮት መጣ?» ብላ ሳቀች።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ባለቤቴ ኢዮብ የጋሞ ደጋ፣ የገረሴ ልጅ ነው። ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ እያለማ ይሸጣል፤ የተዋወቅነውም ለእህቱ የጆሮ ጌጥ ሊገዛ መጥቶ ነው። ከተጋባን በኋላ መስቀል ሲደርስ እናቱ እማማ አማረች ኑ ብለው ላኩብን። ደጋው ላይ «ሶፌ» የሚሉት ነገር አለ። በዓመቱ ያገባች ሙሽራ አምራ፣ ራሷ ላይ ቅቤ ተደርጎላት ገበያ ትወጣለች። ገበያተኛው ያያታል፣ ይመርቃታል፤ ከዚያ በኋላ የአገሩ ሰው ናት።

እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለይሉኝታ ነው። ከበዓሉ በኋላ አዲስ አበባ ልንገባ ተስማምተን ነበር። ሐሳቡ የእኔ ነው። እማማ አማረች ይህን ሰምተዋል፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። ዝምታቸውን ኩርፊያ አድርጌ ስለወሰድኩት እኔም ከእሳቸው ራቅ ብዬ ነበር።

ጠዋት ጓሮ ባለው እንሰት ሥር በርጩማ ላይ አስቀመጡኝና ፀጉሬን ፈትተው በመዳፋቸው ሙሉ ቅቤ ጫኑብኝ። የገረሴ ብርድ ቅቤ አያቀልጥም፤ ጉብ ብሎ ቁጭ አለ። አማርኛቸው እንደልብ አይደለም፤ አንዳንዴ ሴት እሆናለሁ፣ አንዳንዴ ወንድ።

«ልጄ፣ ይሄ ቅቤ እኔ ነኝ የማወርደው። ፀሐይ ሲገባ። ከዚያ በፊት አይወርድም፤ ገባህ?»

«ቢወርድስ?» አልኳቸው በቀልድ።

እሳቸው አልሳቁም። «በኛ ቤት አይወርድም» አሉ።

ኢዮብ በኋላ አስረዳኝ። በእነሱ ቤተሰብ ልማድ (የሌላውን አላውቅም) ፀሐይ ሳትጠልቅ የሙሽራ ቅቤ ከወረደ ትዳሩ አይጸናም ይባላል። የእማማ አማረች ታላቅ እህት ቅቤዋ በዝናብ ታጥቦ፣ በዓመቱ ባሏ ሞቶባታል። እሳቸው ይህን በዓይናቸው አይተዋል።

ገበያ ስንደርስ ዝናቡ ገና አባርቶ መሬቱ ጭቃ ነበር። ከፊታችን የቤተሰቡ ሽማግሌ አባ ጣሰው የደጋውን ባለ ቀለም ሽመና፣ ዱንጉዛቸውን፣ ለብሰው ይራመዳሉ። «ሳሮ! ሳሮ!» የሚለው ሰላምታ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ይጨብጡኛል፣ ይስሙኛል፣ ይመርቁኛል፤ ቅቤው ወደ ጆሮዬ ሲንሸራተት በእጄ መለስ እያደረግሁ እስቃለሁ። የቅቤ ሻጮቹ ተራ ስንደርስ ደግሞ ሴቶቹ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤያቸውን ገለጥ እያደረጉ እንድነካላቸው ጠየቁኝ። ሙሽራ የነካችው ገበያ ይቀናዋል አሉ። እኔም በየተራ ነካሁላቸው።

ከመካከላቸው ዘነበች የምትባል የፊት ጥርሷ የወለቀ ሴት እጄን ለቀቅ አላደረገችም። ገልበጥ አድርጋ አየችና ከት ብላ ሳቀች። «ሙሽራ! ቀለበትሽ ጥርሱ ወልቋል! እንደኔ ሆኗል!»

አየሁት። አልማዙ የለም። ወርቁ መሐል ላይ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል።

ወደ ጭቃው ጎንበስ አልኩ። የሆነ ሰው ይዞኛል፤ ማን እንደሆነ አላየሁም። «የእናቴ…» ብዬ ጀመርኩና መጨረስ አቃተኝ። ኢዮብ ነገሩ ወዲያው ገባው። ለአባ ጣሰው በጋሞኛ ነገራቸው፤ እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለገበያው አሰሙ። በጋሞኛው መሐል «አልማዝ ጠፋ» የሚለውን እኔም ለየሁት። ወዲያ ማዶ በርበሬ የሚሸጥ ሰውዬ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ «የማን ልጅ ናት? ምን ለብሳ ነበር?» ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን አለቀስኩ፤ እኔን ያዩትም ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ።

አባ ጣሰው ያደረጉትን ሳይ ግን ለቅሶዬ ቆመ። ከመንገዱ ዳር እርጥብ ሳር ነጩና በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ገበያው መውጫ ላይ፣ ያ ሁሉ ጭቃ ውስጥ ተንበረከኩ። ኢዮብ በጆሮዬ ተረጎመልኝ።

«አልዘጋንም እያሉ ነው። መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፤ ግን እግሩን ይጥረግ፣ ዕቃውን ያራግፍ። የሙሽራዋ እናት ሞታለች፤ የወደቀው የእናቷ ነው። አግኝቶ የሚደብቅ ጎሜ ይሆንበታል እያሉ ነው።»

ጎሜ ማለት ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ከብቱንም ልጁንም ተከትሎ የሚሄድ ነውር ነው። እኔ ግን ያመንኩት በጎሜው አልነበረም። ሳር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌ እዚያ አገር እንደማይታለፍ አውቅ ነበር። አንድም ሰው አላለፈም። ሰው ሁሉ ባለበት ቁጢጥ ብሎ ፊቱ ያለውን ጭቃ በጣቱ ይፈትሽ ጀመር። ጫማውን አውልቆ ሶሉን የሚፍቅ አለ፣ ድንቹን ከጆንያ ዘርግፎ የሚያይ አለ። አንዲት ባልቴት የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ እያራገፈች፣ ምንም አለመኖሩን ለእኔ በሩቅ አሳየችኝ። ማን ጠየቃት? ማንም።

ብዙ ቆየን። ሰማዩ እንደገና መጥቆር ጀመረ። ዝናብ ከጣለ በቃ፣ ጎርፉ ይዞት ቁልቁል ይሄዳል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አልነበረም። ስለ አልማዝ የማውቀውን ሁሉ ማሰብ ጀመርኩ። የሚረዳኝ ነገር ያለ ይመስል ከህንድ ወንዞች ተነሥቼ ብራዚልን አቋርጬ ደቡብ አፍሪካ ስደርስ አንድ መምህራችን የነገረን ነገር ድንገት ትዝ አለኝ። እዚያ የማዕድን ቦታ ላይ አልማዙን ከጠጠር የሚለዩት በስብ ነበር። ገበታ ላይ ስብ ይቀቡና ጠጠሩን ከውሃ ጋር ያፈሱበታል። ሌላው ድንጋይ ሁሉ ታጥቦ ያልፋል። አልማዝ ግን ውሃ አይወድም፤ ስቡን አቅፎ ይቀራል።

«ኢዮቤ» አልኩት ክንዱን ይዤ፣ «ጭቃው ውስጥ ላይሆን ይችላል። አልማዝ ስብ ከነካ አይለቅም። የቅቤ ሻጮቹን ቅቤ ነክቼ ነበር።»

«ታዲያ ልንገራቸው!»

«ተው! ተው፣ አትንገራቸው። ቅቤያቸውን አፍርሱ ልንል ነው? ማን ይገዛቸዋል ከዚያ በኋላ?»

ዘነበች ግን አማርኛ ትሰማለች። ሲቀላ ሰው ቤት ሠርታ ታውቃለች። የኮባ ቅጠሏን ዘረጋችና አምስት ጣቷን ቅቤዋ መሐል ከተተች። እየዳበሰች፣ እየሰነጠቀች፣ እስከ ታች ወረደች። «እኔ ጋ የለም» አለችና ለጎረቤቷ በጋሞኛ አንድ ነገር ጣል አደረገች። ጎረቤቷም ቅቤዋን አፈረሰች። ቀጥላ ሌላዋ። ከደጋው በሌሊት ተነሥተው፣ አሳምረው አድቦልቡለው ያመጡትን ቅቤ ተራው ሙሉ በእጃቸው ሲንዱት እኔ ፊቴን ሸፍኜ «ይቅር፣ በእናታችሁ ይቅር» እላለሁ። የሰማኝ የለም።

አልተገኘም። የመጨረሻዋ ሴት ቅቤያም እጇን ዘርግታ ወደ እኔ አየች፤ ማዘኗ ከእኔ ይብስ ነበር።

ያን ጊዜ እማማ አማረች፣ ገበያ ከገባን ጀምሮ ከአጠገቤ ያልራቁት፣ ቀስ ብለው «አንድ ቅቤ ቀርቷል» አሉ።

የእኔን ራስ እያዩ ነው።

ቅቤውን በእጄ መለስ ሳደርግ እንደነበር ትዝ አለኝ። ድንጋዩን የሚይዙት የቀለበቱ እግሮች ደግሞ አርጅተዋል። ክው አልኩ። እጄን ወደ ራሴ ልሰድ ስል ግን የእህታቸው ነገር መጣብኝ፤ እጄን መለስኩ።

«አይሆንም እማማ» አልኳቸው። «ፀሐይዋ ትግባ። እጠብቃለሁ።»

«ዝናብ ይመጣል። አጥቦት ይሄዳል።»

«ቤት እንግባና እንጠብቃ።»

«እስከ ቤት መንገድ ሩቅ ነው፤ ይወድቃል። ቁጭ በል፤ አትንቀሳቀስ።»

አባ ጣሰው ሳራቸውን እንደያዙ መጡ። በጋሞኛ ነበር የተናገሩት፤ ኢዮብ ቃል በቃል ነገረኝ።

«አማረች፣ ፀሐይዋን ታያለሽ?»

«አያታለሁ።»

«የእህትሽን ነገር አልረሳሽም።»

«አልረሳሁም። ፍርሃቴ እዚህ ነው ያለው» አሉ ደረታቸውን እየነኩ። «ግን የዚህች ልጅ እናት ብትኖር ዛሬ እኔ ጎን ትቆም ነበር። መምጣት የቻለችው በዚያች ድንጋይ ነው። እኔ ልማዴን ይዤ እናቷን ጭቃ ላይ ጥያት ልግባ? የሚመጣ ነገር ካለ በእኔ ይምጣ።»

ሽማግሌው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዘነበች መቀመጫዋን ለቀቀችልኝ። እማማ አማረች እጃቸውን ታጥበው አደረቁ፤ ጭኔ ላይ ኮባ ቅጠል አነጠፉ። ቅቤውን ትንሽ ትንሽ እያነሡ በሁለት ጣታቸው እየደፈጠጡ ቅጠሉ ላይ ያኖራሉ። ሰው ሁሉ ከቦናል። ቅጠሉ ላይ ያለው ቅቤ እየጨመረ፣ ራሴ ላይ ያለው እያለቀ ሄደ። ባይገኝስ ብዬ አሰብኩ። እሳቸው ልማዳቸውን አፍርሰዋል፤ እኔ ድንጋዬን አጥቻለሁ፤ ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ልንቀር ነው። ጉብ ያለው ቅቤ አለቀ። የለም።

እማማ አላቆሙም። ፀጉሬን እየከፈሉ ሥሩን በጣታቸው ጫፍ ማሰስ ጀመሩ። ከግንባሬ ወደ ማጅራቴ፣ ከማጅራቴ ወደ ጆሮዬ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ አድርጎ ፀጉሬን የነካው ሰው አልነበረም። እንባዬ የሚወርደው አሁን ለድንጋዩ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቢፈልጉ ደስ ባለኝ።

ከቀኝ ጆሮዬ ጀርባ ጣታቸው ቆመ።

«አትንቀሳቀስ» አሉ በሹክሹክታ። አንድ ነገር በጥፍራቸው ጫፍ ይዘው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ቢያዩት ቢያዩት ማመን አቃታቸው።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት» አልኩ።

«ይቺ?! ለዚህች ነው ገበያው የቆመው?»

ገበያው በሳቅ ተናጋ፤ ከሳቁ መሐል እልልታው ወጣ። የበርበሬ ነጋዴው «አልማዝ ተገኘች!» እያለ ይዞራል። ኢዮብ እኔን ትቶ እናቱን አቀፈ። እማማ አልማዙን መዳፌ ላይ አኑረው ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ።

ደስታው ሲበርድ ግን እማማ ባዶውን ራሴን አዩ፤ ከደመናው ጀርባ ገና ከፍ ብላ ያለችውን ፀሐይም አዩ። ፊታቸው ዳመነ። ፍርሃታቸው ደረታቸው ውስጥ እንዳለ ነው።

አባ ጣሰው ነገሩን ተረዱት። ሳራቸውን ትከሻዬ ላይ አኖሩና ሁሉም እንዲሰማ ተናገሩ፤ ኢዮብም ተረጎመልኝ። «ቅቤውን ያወረደችው አማረች ብቻዋን አይደለችም። እኛ ሁላችን ቆመን አይተናል። ያወረደው ገበያው ነው። ገበያው ይመልሰው!»

«ዮ! ዮ!» አለ ሕዝቡ፣ ይሁን ሲል።

መጀመሪያ ዘነበች መጣች። ካፈረሰችው ቅቤዋ ቆንጥራ ራሴ ላይ አኖረችና «ውለጂ፣ ክበጂ» አለችኝ። ቀጥላ ጎረቤቷ። ቅቤያቸውን ለእኔ ድንጋይ የናዱት ሴቶች ተራ ገብተው፣ እያንዳንዳቸው ቆንጥረው ጫኑብኝ። በጋሞኛ የመረቁኝን አልሰማሁትም፤ ግን እጃቸው ከራሴ ላይ ቶሎ አይነሣም ነበር። ያቺ የነጠላዋን ጫፍ ያሳየችኝ ባልቴት ቅቤ ሻጭ አይደለችም፤ ከዘነበች ለምና ቆንጥራ መጣች። መጨረሻ ላይ ከጠዋቱ የበለጠ ትልቅ ጉብታ ተሸክሜ ቆምኩ። እማማ አማረች ዙሪያዬን ዞረው አዩትና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ሳቁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ያወረዱትም እሳቸው ናቸው።

ይኸው ዓመታት አለፉ። እኔና ኢዮብ አዲስ አበባ አልገባንም። ለመቅረት የወሰንኩት የዚያኑ ቀን ማታ ነው። ስነግረው «ምን አገኘሽ?» አለኝ፤ መልሱን ያውቃል እኮ። ድንጋዩን ራሴ መልሼ አሰርኩት፤ አሁን እግሮቹ ወፋፍራም ናቸው፤ ጌጥ ከማማር ይልቅ መጽናት ይሻለዋል። እማማ አማረች ሲቀላ በመጡ ቁጥር ጣቴን ይዘው ድንጋዩን ነቅነቅ ያደርጉታል፤ ከዚያ «ደህና ናት» ይላሉ። እናቴን ነው የሚጠይቁልኝ።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ድንጋይ በዓለም ላይ ምን ያህል ሰው እንዳጣላና እንዳጋደለ በትምህርቴም በሥራዬም አውቃለሁ። የሚያደርገውን ሰው ከሌላው ለመለየት ተብሎ ነው ዘውድ ላይ የወጣው። እኔን ግን ከሰው ቀላቀለኝ። ለዚህ ድንጋዩን አላመሰግንም፤ ድንጋይ ድንጋይ ነው። የማመሰግነው ያገኙትን የማይወስዱትን፣ የራሳቸውን አፍርሰው የሰውን የፈለጉትን ነው። እናንተም እንግዳ ሆናችሁ በገባችሁበት አገር ዝም ያለ ሰው ካለ፣ ዝምታውን ቶሎ ኩርፊያ አታድርጉት። ምናልባት ቃል አጥሮት ይሆናል።

ወርቅ ቤት ለሠርግ ጌጥ ሊገዙ የሚመጡ ልጆች አንዳንዴ ይጠይቁኛል፤ ቀለበቴን ያዩና «የማን ነው?» ይላሉ። የእናቴ ነው እላቸዋለሁ። «እናትሽ አሉ?» ይሉኛል።

«አሉ» እላለሁ፤ «ብዙ ናቸው።»